ከጎደለ ቤት የሚወጣ ምስጋና፦ በዐቢይ ጾም ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ የጾም ወቅት ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱን ለዚህ እትም መርጠናል። ሦስቱም ስለ ምስጋናና ስለ ቀላል ኑሮ የሚጠይቁ ናቸው። የመጀመሪያዋ ጠያቂያችን ያነሡት ጉዳይ ሰፋ ያለ መልስ የሚሻ ስለሆነ፣ አብዛኛውን ቦታ ለእርሳቸው ሰጥተናል። የጠያቂዎቹን ስም አላተምንም።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን በደረሰ ጊዜ ልጆቻችንን ይዘን ሸሸን፤ ስንመለስ የባለቤቴ ሱቅ ባዶውን ቆየን። ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው ማንሰራራት አልቻልንም። ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር በዐውደ ምሕረት «አመስግኑ፣ ኑሯችሁን ቀለል አድርጉ» የሚል ትምህርት እሰማለሁ። ቃሉን እወደዋለሁ፤ ልቤ ግን ደረቅ ነው። ቀላል ኑሮን ለመምረጥ አስቀድሞ የሚመርጡት ነገር ሊኖር ይገባል፤ እኔ መርጬ ሳይሆን ጎድሎብኝ ነው። በዚያ ላይ ጾሙ ራሱ ወጪ ሆኖብኛል። የዘይቱ ዋጋ አልቀመስ ብሏል፤ ልጆቼም ጓደኞቻቸው የሚበሉትን የጾም ኬክና የጾም ፒዛ ይጠይቁኛል። ባልተሰማኝ ነገር «ተመስገን» ማለት ሐሰት አይሆንብኝም ወይ? ከምንስ ልጀምር?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ብዙዎች በልባቸው ይዘው የማይናገሩትን በግልጽ ስለ ጻፉልን እናመሰግንዎታለን። «መርጬ ሳይሆን ጎድሎብኝ ነው» ያሉት እውነት ነው፤ ይህን እውነት ሸፋፍኖ የሚያልፍ መልስም ለእርስዎ አይጠቅምም። ችግር በራሱ በጎ ነገር አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንም ችግርን አክብሩ ብላ አታስተምርም። ስለ ጾም ሲነገር ዘወትር የሚጠቀሰው የትንቢተ ኢሳይያስ 58ኛ ምዕራፍ፣ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የበደልን እስራት መፍታት፣ እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ ስደተኛውን ድሀ ወደ ቤት ማስገባት፣ የተራቆተውን ማልበስ መሆኑን ይናገራል። ጉድለት በራሱ ቅድስና ቢሆን ኖሮ፣ ነቢዩ እንጀራ ቁረሱ ባላለ ነበር። ስለዚህ ስለ ዘረፋው እንዲያመሰግኑ የሚጠይቅዎ ትምህርት የለም፤ እንዲህ ያለ ምክር ከማንም ቢሰሙ እንኳ እንደ ሃይማኖት ግዴታ አድርገው አይቁጠሩት።

ታዲያ ምስጋናው ስለ ምንድን ነው? በቅዳሴያችን ውስጥ የሚገኘውን የቅዱስ ባስልዮስን የምስጋና ጸሎት እንዲያስታውሱ እንጠይቅዎታለን። ካህኑ በጎ ነገርን ያደረገልንን እግዚአብሔርን እናመስግነው ብሎ ይጀምርና ምክንያቱን ተራ በተራ ያቀርባል፤ ሸፍኖናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አቅርቦናልና፣ ወደ እርሱም ተቀብሎናልና፣ አጽንቶናልና፣ እስከዚህችም ሰዓት አድርሶናልና። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሀብት አልተጠቀሰም፤ የሞላ ጎተራም ሆነ የተሳካ ንግድ አልተነሣም። የተነሣው ሁሉ፣ አደጋ በሞላበት መንገድ ላይ ሳለ የተጠበቀ ሰው የሚናገረው ነው። እርስዎ በ2014 ዓ.ም. ልጆችዎን ይዘው በመንገድ በነበሩባቸው ቀናት ይህን ጸሎት የሚያደርስ ካህን ቢኖር፣ አንዲት ቃል ሳይለውጥ ስለ እርስዎና ስለ ቤተሰብዎ ሊጸልየው ይችል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስታመሰግን የምትቆመው እርስዎ በቆሙበት ቦታ ነው ብንልዎ፣ ለማጽናናት ብቻ ያልነው አይደለም።

«ባልተሰማኝ ነገር ተመስገን ማለት ሐሰት አይሆንም ወይ?» ላሉት ደግሞ መልሳችን እንዲህ ነው። ምስጋና ሐሰት የሚሆነው ኀዘንን ለመሸፈን ሲባል ነው፤ ኀዘኑም አብሮ ከተነገረ ሐሰት አይሆንም። ብዙዎቻችን ከእናቶቻችን እንደ ለመድነው የዳዊት መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ይጸለያል፤ የሰኞው ክፍል ከመጀመሪያው እስከ 30ኛው መዝሙር ያለው ነው። በዚያው በሰኞው ክፍል ውስጥ የሚገኘውን 12ኛውን መዝሙር ያንብቡ። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ የሚጀምረው ይኸው ሰው፣ ከጥቂት ስንኞች በኋላ የረዳውን እግዚአብሔርን እንደሚያመሰግን ይናገራል። በመካከሉ ጠላቱ ድል ተነሥቶለት፣ የጠፋው ተመልሶለት አይደለም። እሮሮውንም ምስጋናውንም ለአንዱ አምላክ አቀረበ እንጂ፣ አንዱን ለሌላው ሲል አልደበቀም። ነቢዩ ዕንባቆምም በመጽሐፉ መጨረሻ በለሷ ባታፈራ፣ ከወይኑ ፍሬ ቢታጣ፣ በጎች ከበረት ቢጠፉ፣ ላሞችም በጋጣ ባይገኙ በእግዚአብሔር ደስ እንደሚለው ሲናገር፣ የጎደለውን እያንዳንዱን ነገር በስሙ እየጠራ ነው። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። በጸሎትዎ ሰዓት ሱቁን፣ በውስጡ የነበረውን፣ ከዚያም ጋር የጠፋውን የባለቤትዎን የልብ ዕረፍት ጭምር በስማቸው ይጥሩ። ከዚያ ቀጥሎ የሚወጣው «ተመስገን» ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ግን የእርስዎ የራስዎ ይሆናል።

ከምን ልጀምር ላሉት ግን ከስሜት እንዳይጀምሩ አጥብቀን እንመክራለን። ስሜት በትእዛዝ አይመጣም፤ እስኪመጣ እየጠበቁ መቀመጥም ሰውን ያደክማል። ምስጋና አስቀድሞ ውለታን ማወቅና ለባለ ውለታው መንገር ነው፤ ይህ ደግሞ ልብ ደርቆም ቢሆን የሚቻል ሥራ ነው። ከደሴ በወጣችሁ ጊዜ ያስጠጋችሁ ሰው ነበር፤ ፍራሽ ያነጠፈ፣ ለልጆቹ ወተት የፈለገ፣ ለመኪና ሲጎድልባችሁ የጨመረ፣ ከተመለሳችሁም በኋላ ዕቃ በዱቤ የሰጠ ሰው ይኖራል። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹን በሚገባ አመስግነው ይሆናል፤ አንዳንዶቹን ግን የመከራው ጊዜ ጥድፊያ አሳልፎብዎት ይሆናል። በሉቃስ ወንጌል 17ኛ ምዕራፍ ከነጹት 10 ለምጻሞች መካከል አንዱ ብቻ ነበር ለማመስገን የተመለሰው፤ ዘጠኙ ክፉዎች ነበሩ ተብሎ አልተጻፈም፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ እንጂ። የጾሙን ሰንበታት ለዚህ ሥራ ቢመድቧቸው መልካም ነው። በየሰንበቱ ከእነዚያ ሰዎች አንዱን በስልክ ይፈልጉት፤ በቅርብ ካለም ከቅዳሴ መልስ ጎራ ይበሉ፤ ልጆችዎም ይስሙ። ያን ቀን ያደረገላችሁን በዝርዝር ይንገሩት፤ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው ቃል ከዝርዝሩ ጋር ሲነገር ክብደቱ ሌላ ነው። እግዚአብሔር የረዳዎት በእነዚህ ሰዎች እጅ እስከ ሆነ ድረስ፣ እነርሱን ያመሰገነ አንደበት ወደ እርሱ የሚያመራውን መንገድ አያጣውም።

አሁን ወደ ማዕዱ እንምጣ፤ ምክንያቱም ጥያቄዎ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምመው እዚህ ላይ ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ማለትም ዘወረደ የሚባለው የመጀመሪያው ሳምንት፣ ጌታ የጾማቸው 40 ቀናትና ሰሙነ ሕማማት፣ ሁላችንንም ከሥጋ፣ ከቅቤ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይከለክላሉ። በዚህ ሕግ ውስጥ ብዙ ጊዜ ልብ የማንለው ትልቅ ቸርነት አለ። በዓመቱ ውስጥ በሌላ ጊዜ ሁሉ የሀብታምና የድሀ ማዕድ ይለያያል፤ በሁዳዴ ግን በፒያሳ ትልቅ መደብር ያለው ነጋዴና በሰኞ ገበያ ሸክም ተሸክሞ የሚያድረው ሠራተኛ ሁለቱም ሽሮና ምስር ይበላሉ። ድሀው በጾሙ ወራት የሚያፍርበት ማዕድ የለውም፤ የጎረቤቱም ማዕድ ያው ነውና። ይህን እኩልነት የሚያፈርሰው ጾሙን በራሱ ሌላ ድግስ ያደረገው ልማድ ነው። የጾም ኬኩ፣ የጾም ፒዛው፣ በሆቴሎች የሚዘረጋው የጾም ብፌ፣ ቅቤ መስሎ ቅቤን የሚያስንቅ ዋጋ የሚጠየቅበት ነገር ሁሉ በሕጉ ዘንድ የተፈቀደ ነው፤ የጾሙን ዓላማ ግን አያገለግልም። ስለዚህ «ኑሯችሁን ቀለል አድርጉ» የሚለው ትምህርት በመጀመሪያ የሚመለከተው እርስዎን ሳይሆን ያላቸውን ሰዎች ነው። መምህራኖቻችንም ይህን ለይተው ቢናገሩ፣ እርስዎን የመሰሉ እናቶች ከዐውደ ምሕረት ልባቸው ተወቅሶ ባልተመለሱ ነበር ብለን እናምናለን።

የዘይቱን ነገር በተመለከተ የአያቶቻችንን ወጥ ቤት ማስታወስ ይጠቅማል። በፋብሪካ የተጣራ ዘይት በየቤቱ ሳይለመድ በፊት፣ የሁዳዴን ምግብ የሚያጣፍጡት ሱፍ፣ ኑግና ተልባ ነበሩ። ሱፍ ታምሶ፣ ተወቅጦና ተጠልሎ በሚወጣው ነጭ ውሃ የተፈተፈተ እንጀራ ለልጅ ይስማማል፤ ያጠግባልም። ከሁሉ ይልቅ ስልጆን እንዲሞክሩ እንመክራለን። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ይበስልና ከቀዘቀዘ በኋላ ስናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ገብቶበት ለጥቂት ቀናት ይብላላል፤ አንድ ጊዜ የተዘጋጀው ለብዙ ቀን ስለሚቆይ፣ የዕለት ዕለት የማገዶና የዘይት ወጪ ይቀንሳል። ባቄላው ቡቃያ ሲያወጣ የሚቀቀለው ቡቅልትም፣ ከቡና ጋር የሚቀርበው ቆሎና ንፍሮም የወሎ እናቶች በጾም ወራት ሳያፍሩ ለእንግዳ የሚያቀርቧቸው ናቸው። ይህ ሁሉ የችግር ምግብ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም፤ ዕውቀት ያለበት፣ ጊዜ የተጠበቀበት፣ እንግዳ የሚከበርበት ምግብ ነው። ሱፉንና ባቄላውን ከሰኞ ገበያ ሲገዙ ልጆችዎን ይዘው ይሂዱ፤ ሲወቀጥና ሲጠለልም አብረው ይሥሩ። ልጅ እጁ ያለበትን ምግብ ከኬክ ጋር ማወዳደሩን ቢያንስ ለዚያ ቀን ይረሳል።

ከፍ ላለው ልጅዎ ግን እውነቱን ይንገሩት። «አንገዛም» ብቻ ብሎ ከመተው ይልቅ የወሩን ገቢና ወጪ አሳይቶ «ይህን የምናደርገው በዚህ ምክንያት ነው» ማለት ልጁን ማክበር ነው። ደግሞም ከጎደለው ቤታችሁ ሳይቀር ለሌላ የሚወጣ ነገር ይኑር፤ በሳምንት አንድ ቀን ከስልጆው በእንጀራ ጠቅልለው፣ ልጆቹ ራሳቸው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡ ነዳያን ወይም በሰፈራችሁ ብቻቸውን ለሚኖሩ አንድ አረጋዊ እንዲያደርሱ ያድርጉ። መስጠት የሀብታም ሥራ ብቻ ነው ብለው ያደጉ ልጆች ድህነታቸውን እንደ ውርደት ያዩታል፤ ከጥቂቱ የሰጡ ግን እንደዚያ አያዩትም።

ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ክርስቲያኖች በጻፈው መልእክት፣ በ4ኛው ምዕራፍ፣ የሚኖርበት ኑሮ እንደሚበቃው ማለትን ተምሬአለሁ ይላል። ይህን የጻፈው በእስር ቤት ሳለ ነው። ተምሬአለሁ ማለቱን ልብ ይበሉ፤ ሐዋርያው እንኳ በጊዜ ብዛት የደረሰበት ነገር ነው። እርስዎ በአንድ ጾም ውስጥ ካልደረሱበት ራስዎን አይውቀሱ።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ በፈረቃ የምሠራ ወጣት ነኝ። የመጣሁት ከወረ ኢሉ ሲሆን፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። በአንዱ ሳምንት ሌሊት፣ በሌላው ሳምንት ቀን ስለምገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም አንዳንዴ ይሆንልኛል፣ አንዳንዴ አይሆንልኝም። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ስልኬን ይዤ ተጋድሜ ሰዓቱ ያልፋል። ሥጋ ባለመብላቴ ብቻ ጾምሁ ማለት ያሳፍረኛል። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ምን ዓይነት ቀላል ኑሮ ይስማማዋል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የሰዓቱን ጉዳይ በቶሎ እንለፈው፤ ምክንያቱም እኛ በመጽሔት ልንወስንልህ አይገባም። በዐቢይ ጾም በአዘቦት ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም የታወቀ ሥርዓት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ መመገብ ይፈቀዳል፤ ከዚህ ልዩ የሚሆነው የትንሣኤ ዋዜማ የሆነው ቀዳም ሥዑር ነው። ሌሊቱን በማሽን ፊት ቆሞ ያደረ ሰው የሚጾምበትን ሰዓት ግን የንስሐ አባቱ አቅሙንና ጤንነቱን አይቶ ይወስንለታል። ሄደህ ንገራቸው፤ በራስህ ፈቃድ አታክብደው፣ በራስህ ፈቃድም አታቅልለው።

ስለ ስልኩ የጻፍኸው ግን ከምግቡ ይልቅ የሚያሳስብ ነው። ቤተ ክርስቲያን ራሷ በዚህ ወቅት ምን እንደምታደርግ ተመልከት። በሌላ ጊዜ በዓሉን የሚያደምቁት ከበሮና ጸናጽል በዐቢይ ጾም ይቀመጣሉ፤ የቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ በመቋሚያ ብቻ ይዜማል። ከምግብ በፊት ድምፅ ቀነሰ ማለት ነው። ይህን ሥርዓት ወደ ተከራየኸው ክፍል ይዘኸው ልትገባ ትችላለህ። ከፈረቃ ስትወጣ እስክትተኛ ድረስ ያለውን ጊዜ ሁሉ ስልክ አልባ አድርገው አንልህም፤ ድካምህን እናውቃለንና። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ብቻ ከስልክ ነፃ አድርገው፤ በዚያች ሰዓት ታጠብ፣ ብላ፣ ጸልይ፣ ከጓደኞችህ ጋር ተነጋገር።

ለማንበብ ጊዜ የለኝም እንዳትል፣ የጾሙ ሳምንታት ራሳቸው አጭር ምንባብ ሰጥተውሃል። በሁለተኛው ሳምንት፣ በቅድስት፣ ስትጾሙ አትጠውልጉ፣ በምድር መዝገብ አትሰብስቡ የሚለው የማቴዎስ ወንጌል 6ኛ ምዕራፍ ይነበባል። በመፃጉዕ የዮሐንስ ወንጌል 5ኛ ምዕራፍ፣ በገብር ኄር የማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ፣ በኒቆዲሞስ የዮሐንስ ወንጌል 3ኛ ምዕራፍ ነው። በየሳምንቱ አንዱን ብቻ ደጋግመህ ብታነበው ይበቃሃል። የመፃጉዕን ታሪክ ስታነብ፣ 38 ዓመት ተኝቶ የኖረው ሰው «ሰው የለኝም» ማለቱን አትለፈው፤ በኮምቦልቻ ከሩቅ መጥተው ተከራይተው ከሚኖሩ ሠራተኞች መካከል ታመው ውሃ የሚያቀብላቸው ያጡ አሉ፤ አንዱ ከአንተ በር አጠገብ ሊሆን ይችላል። ኒቆዲሞስም ወደ ጌታ የመጣው በሌሊት ነበር፤ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ይህን ምንባብ ከማንም ይልቅ የራሱ ሊያደርገው ይገባል።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ መሪነት የታወቀው በጾምና በስግደት ብቻ አልነበረም። መጻሕፍት የሚጻፉበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት የተማሩበት ቤት ነበር። ጥቂት የሚበሉና ጥቂት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ጊዜ ተርፏቸው፣ በዚያ ጊዜ እስከ ዛሬ የሚቆይ ሥራ ሠሩ። አንተም ኑሮህን ስታቀልል የሚተርፈው ነገር ወዴት እንደሚሄድ አስቀድመህ ወስን። ሦስታችሁ ሽሮውን፣ በርበሬውንና ምስሩን በጋራ ገዝታችሁ በተራ ብታበስሉ፣ በየሻይ ቤቱ የሚወጣው ገንዘብ በግልጽ ይቀንሳል። ከሚተርፈው ለእናትህ ወደ ወረ ኢሉ ላክ፤ ስትልክም ደውለህ ስላሳደገችህ አመስግናት። ለብዙ ወጣት የሚከብደው ገንዘቡን መላክ ሳይሆን ይህን ቃል መናገሩ ነው።

ጥያቄ፦ የደሴ ነዋሪና የልጅ ልጆች ያየሁ እናት ነኝ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዐቢይ ጾምና ረመዳን እየተገናኙ ነው። ግድግዳ የምንጋራቸው ሙስሊም ጎረቤቶቼ ማታ ለማፍጠር ሲቀመጡ ይጠሩኛል፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ሄጃለሁ። ልጄ ግን «እማ፣ ጾም ላይ ሆኖ ማታ ግብዣ መሄድ ጾሙን ያፈርሳል፤ ቤትሽ በጸጥታ ብትቀመጪ ይሻላል» ትለኛለች። የማን ትክክል ነው?

መልስ፦ እናታችን፣ ይሂዱ። ልጅዎ ለጾምዎ ተቆርቁራ መናገሯ ደግ ነው፤ ነገር ግን የጎረቤትን ጥሪ መቀበል ጾምን አያፈርስም። የሚያፈርሰው በማዕዱ ላይ የሚበላው ዓይነትና መጠን ሊሆን ይችላል፤ እርሱም በእርስዎ እጅ ነው። ሾርባው በሥጋ የተሠራ እንደሆነ ይተዉታል፤ ሳምቡሳው የምስር ከሆነ፣ ቴምርም ከቀረበ ከዚያ ይቀምሳሉ። በዘጠኝ ሰዓት ተመግበው ከሆነም ማታ ጥቂት መቅመስ ይበቃል። ወሎ ውስጥ ሥጋው እንደ ሃይማኖቱ ተለይቶ ሲታረድ ኖሯል፤ የጾም ምግብ ግን ሁለታችሁም ሳትጠያየቁ የምትበሉት ማዕድ ነው። በዓመቱ ውስጥ ከጎረቤትዎ ጋር ከአንድ ትሪ ያለ ሐሳብ ለመቁረስ ከሁዳዴ የተሻለ ወቅት የለም፤ ይህን አጋጣሚ በቤት በመዝጋት ማሳለፍ ጉዳት ነው እንላለን።

መገናኘቱም ሁልጊዜ የሚኖር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ሁለቱም ጾሞች በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ቀን ጀምረው ነበር። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣና ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ስለሚገባ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ይለያያሉ፤ እንደገና የሚገናኙትም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ ያገኙትን ለልጅዎ ቢያሳዩአት ለእርሷም ይተርፋታል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ይዘዋት ይሂዱ።

ባዶ እጅዎን እንዳይሄዱ ደግሞ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ወይም አንድ ሰሐን ስልጆ ይበቃል። ከዚህ ሌላ አንድ ነገር እንጨምር። በረመዳን ቀን ቀን ጎረቤትዎ ቡና ስለማይጠጡ፣ እርስዎም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚያፈሉትን ቡና ለጾሙ ወራት ወደ ማታ ቢያዛውሩት፣ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም አብራችሁ ትጠጣላችሁ። ምርቃቱን በአቦሉ ለጎረቤትዎ ይተዉላቸው፤ በበረካው እርስዎ ይመርቁ።